ከታች የተሰረዙ መስመሮች

ምነው ያን ቀን ምላሴን በነከስኩ!

የካ አባዶ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ዕጣ የወጣው በአባቴ ስም ነው። የቤቱን ዋጋ ባንክ አበድሮን በየወሩ እንከፍላለን። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። አንድ እሑድ የባንኩን ወረቀት ዘርግቶ፣ “ይሄን ሁሉ ጊዜ ከፍዬ ዕዳው ለምንድነው የማይጎድለው? ይሰርቁኛል እንዴ?” አለኝ።

እኔ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ማወቄን ለማሳየት ደግሞ የሚቀድመኝ የለም። “አባዬ፣ ይሄ አሞርታይዜሽን ይባላል” ብዬ ጀመርኩ። ዕዳው ለብዙ ዓመት ተከፋፍሎ የየወሩ ክፍያ እኩል እንደሚሆን፣ መጀመሪያ ላይ ግን አብዛኛው ለወለድ እንደሚሄድ፣ ዋናው ብድር ቶሎ ቶሎ የሚቀንሰው ወደ መጨረሻው እንደሆነ አስረዳሁት።

ሳቀ። “የእንጦጦ ዳገት ነው በይኛ! በአንደኛ ማርሽ ነዳጁ ያልቃል፣ መኪናው ግን ፈቀቅ አይልም። እሺ፣ ጨመር አድርጌ ብከፍልስ?”

“ጭማሪው በሙሉ ከዋናው ላይ ይቀነሳል። ከመጨረሻዎቹ ወራት እየቆረጥክ ትሄዳለህ።”

የአከፋፈሉን ሠንጠረዥ አትሜ ሰጠሁት፤ ቁም ሣጥኑ በር ላይ፣ በውስጥ በኩል ለጠፈው። ከወራት በኋላ ሳየው ከታች ጀምሮ መስመር ይሰርዛል። “አባዬ፣ ከላይ ነው እኮ የሚጀመረው!” ብዬ ከት ብዬ ሳቅኩበት።

“እርጅና ነዋ ልጄ” አለኝ።

የደም ግፊት ነበረበት፤ የመድኃኒቱን ብር በየወሩ እኔ ነኝ የምሰጠው። “ክኒንህን ወሰድክ?” ስለው “ወስጃለሁ” ይላል። ባዶ ማሸጊያውን ጠረጴዛው ላይ አያለሁና አምነዋለሁ። አንድ ጠዋት ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ወደቀ፤ በማግስቱ አረፈ። ማሸጊያውን ገልብጬ ሳየው የመድኃኒቱ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ ለካ በየወሩ የማየው ያንኑ አንድ አሮጌ ማሸጊያ ነበር።

ከአርባው በኋላ ባንክ ሄድኩ። “አባትዎ በየወሩ ጨምረው ይከፍሉ ነበር” አለችኝ ሠራተኛዋ። “‘ልጄ ዕዳ እንዳትወርስ’ ይሉ ነበር። ጎበዝ ሰው ነበሩ።” የየወሩ ጭማሪ ልክ የምሰጠውን የመድኃኒት ብር ያህል ነበር። እዚያው ወንበሩ ላይ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ዕድሜ ልኬን ስከፍል ኖሬ እሱ ደረጃውን እያለከለከ ሲወጣ ብሰማ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ከታች አሥራ አራት ወር ተሰርዟል። ባንኩ ከሰጠኝ አዲስ ወረቀት ጋር አመሳከርኩት። አንድ መስመር እንኳ አልተሳሳተም፤ በደንብ አስረድቼው ነበር።