ክብ ነው ብዬ የጻፍኩት ዱቄት

ይህን ለእናቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። መጀመሪያ የምትሰሙኝ ይህን የምታነቡት እናንተ ናችሁ። ዘንድሮ መጻፍ ስጀምር ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አጣሁ፤ ስለ ከተማችን ስለ ሮቢት ሙቀት ጻፍኩ፣ ስለ ማንጎ ጻፍኩ፣ ሰዉም ጎበዝ አለኝ። ግን ምንም ብጽፍ ብዕሬ ዞሮ ዞሮ ዘይነባ ላይ ይቆማል። እንግዲህ ልጻፈው።

አሥረኛ ክፍል ሳለን እኔና ዘይነባ በሳይንስ ክበብ አንድ ቡድን ነበርን። እሷ ከጀውሃ በሚኒባስ ትመላለሳለች፤ አባቷ ማሾ የሚባለውን ድቡልቡል ጥራጥሬ ያመርታሉ። የፊዚክስ መምህራችን ቲቸር ሰላማዊት ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ በክረምት ማስተርሳቸውን የሚማሩ ናቸው። በእሳቸው መሪነት የኒም ቅጠል ቀቅለን፣ ከዚንክ ጨው ጋር አዋህደን፣ ደቃቅ ነጭ ዱቄት ሠራን። ዱቄቱን ወደሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ወሰዱት፤ እዚያ ኤክስሬይ ተነሥቶ፣ ሹል ሹል ጫፎች ያሉት ሥዕል በወረቀት መጣልን። ጫፉ ሰፊ ከሆነ ቅንጣቱ ትንሽ ነው፤ ቀጭን ከሆነ ትልቅ። ዱቄቱን ባዕድ ነገር እንዳይቀርበት በውሃ ማጠቡ የዘይነባ ሥራ ነበር፤ ስሌቱ የእኔ።

ሳሰላ አንዱ ጫፍ እንቢ አለኝ። ሌሎቹ የሚቀራረብ መጠን ሲሰጡ፣ እሱ ብቻ ከእጥፍ በላይ ሰጠ። ደብረ ብርሃን ለምናቀርብበት ኤግዚቢሽን ሦስት ቀን ቀርቷል። ፖስተሩ ላይ ደግሞ በእጄ «ቅንጣቶቹ ክብ ናቸው» ብዬ ጽፌያለሁ። ቅንጣቶቹን ማን አይቶልኝ? ማንም። ቀመሩ ክብ ናቸው ብሎ ስለሚጀምር እኔም ክብ አልኩ።

ዘይነባ ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ «ክብ ባይሆንስ? ማሾ በየትኛውም በኩል ብትለኪው ያው ነው። የሩዝ ቁመትና ውፍረት ግን አንድ ነው?» አለችኝ።

«ይሄ ፊዚክስ ነው እንጂ የጀውሃ ገበያ አይደለም» አልኳት።

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ ፈርቼ ነበር። እሷ ልክ ከሆነች ፖስተሩ ይቀደዳል፣ ሰው ፊት ቆማ የምታስረዳውም እሷ ትሆናለች።

በማግስቱ ቲቸር ጠርተውን፣ ይሄ ቁጥር ለምን ብቻውን ወጣ ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ ነው ያደረግኩት። እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ ማንም አልገፋኝም። ዱቄቱ በደንብ አልታጠበም ይሆናል አልኩ። ዱቄቱ የታጠበበት ወር ረመዳን ስለነበር ዘይነባ ቤቷ ደርሳ ለማፍጠር ቸኩላለች አልኩ። ጾሟን ምክንያት አደረግኩት። በዚያ ሙቀት ውሃ ሳትቀምስ፣ ውሃ ስትቀዳና ስትደፋ የዋለችን ልጅ!

ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች። «ወላሂ፣ አጠገቤ ቆመሽ አልነበር እንዴ? ስንቴ እንዳጠብኩ ንገሪያቸው።»

«አልቆጠርኩም» አልኩ።

ቁጥሩ ተሰረዘ። ሥራውን አበላሽታለች ተብሎ የዘይነባም ስም ከፖስተሩ ተሰረዘ። ደብረ ብርሃን ብቻዬን ቆሜ አስረዳሁ፤ አጨበጨቡልኝ፤ ጭብጨባውን ወደድኩት። ከዚያ ወዲህ እሷ ክበቡ ደጃፍ ደርሳ አታውቅም። ፋርማሲ አጠናለሁ ስትል የነበረችው ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ስንገባ ማኅበራዊ ሳይንስ መረጠች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች። ብትሰድበኝ አይሻልም ነበር?

ባለፈው ሳምንት ቲቸር ፎቶ ይዘው ክፍል ገቡ። የዚያው የእኛ ዱቄት ነው፣ በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ የተነሣ። «ምን ይመስላል?» ሲሉ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሩዝ» አለ። ቅንጣቱ ዘንግ መሰል ስለሆነ እያንዳንዱ ጫፍ የሚለካው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ያ እንቢተኛ ጫፍ ቁመቱን ነበር የሚነግረን ብለው አስረዱ። ቀጥለውም፣ «ያኔ የእጥበት ችግር መስሎን ተሳስተናል» አሉ።

እሳቸው ተሳስተው ይሆናል። እኔ ግን አልተሳሳትኩም፤ ዋሸሁ። አሁንም እጄን አላወጣሁም። አንገቴን ደፍቼ የፎቶውን ሥዕል ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ።

ልጅ ነበርኩ ልበል? ዘይነባስ ልጅ አልነበረችም? ነገ ጠዋት ከሚኒባሱ ስትወርድ ይህን ወረቀት እሰጣታለሁ፤ ሁለተኛውን ግልባጭ ለቲቸር። ይቅር በይኝ ብዬ አልጨምርበትም፤ ይቅርታው የእሷ ነው፣ ብትሻ ትሰጣለች፣ ብትሻ ትነሣለች። ያን ቀን ለጠየቀችኝ ጥያቄ ብቻ መልስ አለብኝ።

አምስቴ ነው ያጠብሽው፣ ዘይነባ። ቆጥሬያለሁ።