ጄኔራሉን ዙፋን ላይ ሳላደርሰው

ደሴ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ። በዲቪ አትላንታ ከመጣሁ በኋላ ግን ሥራዬ ኤርፖርት ውስጥ መንገደኞችን በዊልቸር መግፋት ሆነ። በአምስተኛው ዓመት ወገቤ እምቢ አለ። ሐኪሙ "ይህን ሥራ ካልተውክ መራመድም ያቅትሃል" ሲለኝ፣ ባለቤቴ እዚሁ አትላንታ አጠገብ ዲኬተር ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር እንደሚፈልግ ኢንተርኔት ላይ አየችልኝ። አመለከትኩ፤ ተጠራሁ። ተማሪዎች ፊት ሃያ ደቂቃ እንዳስተምር ተነገረኝ። ርዕሱ፣ የፈረንሳዩ ጄኔራል እንዴት ንጉሠ ነገሥት እንደሆነ ነው።

ስንት ጊዜ ያስተማርኩትን! ያም ሆኖ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከምንኖርበት ከዶራቪል ኤርፖርት በባቡር ስመላለስ በእንግሊዝኛ ለራሴ ሳነበንብ ሰነበትኩ።

ቀኑ ደረሰ። ርእሰ መምህሯ ከኋላ ተቀምጣለች። ደሴት ላይ መወለዱን፣ የመድፈኛ መኮንን መሆኑን፣ ጣልያን ውስጥ ድል ማድረጉን፣ ጦሩን ግብፅ ጥሎ ፓሪስ መመለሱን ተናገርኩ። ልጆቹ ያዳምጣሉ። ሥልጣን የነጠቀበት ቀን ላይ ስደርስ የመፈንቅለ መንግሥትን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ሁልጊዜ መጽሐፍ ላይ እንደማነበው፣ "ኩፕ" አልኩት። ለካ የመጨረሻዋ ፊደል አትነበብም።

"ኮፕ?" አለች አንዷ ተማሪ። "ፖሊስ መጣ ማለት ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ልጅቷ ክፋት አልነበራትም፤ የምሯን ነው ያልገባት። "አይደለም፣ ወታደር ነው" አልኩና ቀጥሎ የምለው ጠፋኝ። ጄኔራሉም በዚያ ቀን ምክር ቤቱ ሲጮህበት አንደበቱ ተሳስሮ ነበር፤ ለእሱ ወንድሙና ወታደሮቹ ደረሱለት። እኔ ርእሰ መምህሯ "እናመሰግናለን፣ ይበቃል" እስክትል ድረስ ማርከሬን ይዤ ቆምኩ።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ "ጥሩ ነበር" አልኳት። ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤቱ የመጣውን "አልተቀበልንህም" የሚል ኢሜይል ከእኔ ቀድማ አነበበችው።

"ለምን ዋሸኸኝ?"

"ዘውዱን ሳልጭንለት ቆሜ ቀረሁ ብዬ በምን አፌ ልንገርሽ?"

ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። "እሺ፣ ለእኔ ጨርስልኝ።"

በአማርኛ ጨረስኩላት። ቆንስል በሚል ማዕረግ አገሩን መምራቱን፣ ሕዝቡ ድምፅ መስጠቱን፣ ከሮም የመጡት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት እያዩ ዘውዱን በገዛ እጁ ራሱ ላይ መድፋቱን። አንዲት ቃል አላደናቀፈችኝም። ቀና ስል ታለቅሳለች።

"ሌላ ትምህርት ቤት ሞክር" አለችኝ።

እሺ አልኳት። እስከ ዛሬ ግን ማመልከቻ አልጻፍኩም።