እግራቸውን ሊያፍታቱ የሚወጡት አማቴ

ልጆቹ ስለ አማቴ ንገሪን አሉኝ። ነገሩ የተነሣው በቤት ኪራይ ነው። የልጅ ልጄ ሊያገባ አስቦ ቤት ቢያስስ ኪራዩ አልቀመስ ብሎት፣ «እናንተማ ታድላችሁ፣ በደርግ ጊዜ ቤት በሳንቲም ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የቀበሌ ቤት ኪራይ ርካሽ ነበር። ግን የጉለሌዋ ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች። ሙሽራ ሆኜ የገባሁት አማቴ ከሚተኙበት መደብ ፊት ለፊት ነው፤ በመካከላችን ያለው መጋረጃ ብቻ።

ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ አማቴ ነጠላቸውን ያነሣሉ። «እግሬን ላፍታታ» ብለው ይወጣሉ፤ የሚመለሱት ሰዓት እላፊው ሲቃረብ ነው። ዝናብም አያግዳቸውም። እኔ ደግሞ፣ አፌ አያርፍ፣ «የኛ እማማ እግር ቤት አይወድም» እያልኩ ጎረቤቱን አስቅባቸው ነበር። አንድ ቀን ሰሙኝ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ የለመደ እግር ነው» ብለው አብረውን ሳቁ። ይህን ሳወራ ዛሬም ፊቴን በነጠላዬ እሸፍናለሁ።

ሲያርፉ ቤቱ ሰፋልን። ባዶ መደባቸውን ሳየው ግን ስፋቱ አስጠላኝ።

ከዓመታት በኋላ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ደጅ ቆሎ ትሸጥ የነበረች ሴት ለቅሶ ቤት አገኘችኝ። አማቴ ምሽት ምሽት እዚያ ከአስታማሚዎች ጋር አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር አለችኝ። «ማን ታሞብዎት ነው?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «ማንም አልታመመ፤ ልጆቼ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፣ ቤቱ ጠቧቸው ነው» አሏት።