ጳጉሜን የማይቀበለው መዝገብ

ባለፈው ሳምንት ቢቸና እህቴ ቤት ተቀምጬ የልጇን የሥራ ማመልከቻ በስልክ አብሬያት ስሞላ ነበር። የተወለደችው ጳጉሜን ሁለት ነው። የወሮቹ ዝርዝር ግን ነሐሴ ላይ አለቀ።

«ጋሼ ይተዉት፤ ነሐሴ ሠላሳ ብለው ይሙሉት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለችኝ ልጅቷ እየሳቀች።

ስልኩን አስቀመጥኩት። ምን እንዳስቆጣኝ አልገባትም። በሃያ ሦስት ዓመቴ እኔም እንደሷ እየሳቅሁ ነበር የሞላሁት።

ያኔ የኮምፒውተር ዲፕሎማዬን ይዤ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሄድኩ። የገበሬውን የመሬት ሰነድ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ አንድ ጊዜያዊ ፕሮጀክት ቀጥሮኝ ነው። መንገዱ አስፋልት አልነበረም። ክረምት ላይ አውቶቡሱ ጭቃ ሲይዘው ወርደን እንገፋለን፤ በቆሎ ጠብሰው የሚሸጡ ሴቶች የት እንደምንቆም ቀድመው ያውቁ ይመስል እዚያው ይጠብቁናል። ጭቃ በነካው እጄ የበላሁትን ያን በቆሎ የሚያህል እስካሁን አልቀመስኩም።

ፕሮግራሙ ከውጭ የመጣ ነበር። ዳታቤዝ በሠንጠረዥ የተደራጀ መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ ዓምድ የሚቀበለው ነገር ዓይነት አስቀድሞ ይወሰናል፦ እዚህ ቁጥር፣ እዚህ ጽሑፍ፣ እዚህ ቀን። የኛው «ቀን» የፈረንጅ ቀን ነበር። አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ጥቅምትንም ሁለተኛ ወር ስለሆነ ብቻ እንደ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ቆጥሮ ሠላሳ ቀን ይከለክለዋል። ኃላፊያችን አቶ ደምሴ መላ አበጁ፤ «ጳጉሜን የሆነውን ሁሉ ነሐሴ ሠላሳ በሉት» አሉን። አልነው።

በዓመቱ፣ ሐምሌ ላይ፣ ወይዘሮ ይርገዱ የሚባሉ የገጠር ሴት ነጠላቸው በዝናብ ርሶ ቢሮ ገቡ። አባታቸውን ሰባት ዓመት አስታመዋል። አባትየው ጳጉሜን አንድ ቀን ሽማግሌ ሰብስበው መሬታቸውን ለእሳቸው ተናዘዙ፤ ጳጉሜን ሦስት ዐረፉ። የአጎታቸው ልጅ ከሉማሜ መጥቶ የባለመሬቱ የሞት ቀን የሰፈረበትን የእኛን መዝገብ አስነበበና ለመሬት ኮሚቴው «ሰውየው ነሐሴ ሠላሳ ሞቷል፤ ኑዛዜው የተፈረመው ጳጉሜን አንድ ነው። የሞተ ሰው ይፈርማል?» አለ። ኮሚቴውም ማሳው እንዳይታረስ አገደ።

«ልጄ» አሉኝ ወይዘሮ ይርገዱ፣ «አባቴ የሞተው በሩፋኤል ዕለት ማለዳ ነው። ልጆች በጠበሉ ዝናብ ሲታጠቡ በመሃላቸው አስከሬን ይዘን አልፈናል። አገር ያውቃል።»

አቶ ደምሴ ከወንበራቸው ሳይነሱ «እናቴ፣ ኮምፒውተሩ እንደዚያ አይልም» አሏቸው።

«እንግዲያው አባቴ ሁለት ጊዜ ሞቷል። አንዴ ቤቱ፣ አንዴ እናንተ ዘንድ።»

መዝገቡን ከፈትኩት። ከሞቱ ቀን ጎን ያስገባው ሠራተኛ ስም አለ። የእኔ ስም ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝ ንዴት ግማሹ በራሴ ላይ ነው።

አቶ ደምሴን «የራሳችንን የቀን ዓይነት እንፍጠርለት፤ ዳታቤዙ ይፈቅዳል» አልኳቸው።

«ከላይ የመጣ ሲስተም አትነካካ። አርፈህ እንጀራህን ብላ።»

በሦስት ቀን የምሳ ሰዓት፣ ጠረጴዛዬ ላይ በሶ በጥብጬ እየጠጣሁ ሠራሁት። አሥራ ሦስት ወር ያለው፣ አሥራ ሁለቱን በሠላሳ የሚቆጥር፣ ለጳጉሜን አምስት፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን የሚሰጥ አዲስ ዓይነት። ጳጉሜን ሦስት ብዬ ጻፍኩ፤ ተቀበለኝ። ጳጉሜን ሰባት አልኩት፤ እንቢ አለ። ብቻዬን ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት።

የታረመውን ገጽ አትሜ ኮሚቴው ፊት ቆምኩና «ስህተቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አልኩ። የአጎትየው ልጅ ብድግ አለ። «አምና ነሐሴ ያለ ኮምፒውተር ዘንድሮ ጳጉሜን ካለ፣ የቱን እንመን?»

«ኮምፒውተሩን ተዉት። የቀበሩትን ሰዎች ጠይቁ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተጠርተው መሰከሩ፤ መሬቱ ለወይዘሮ ይርገዱ ጸና። ውሳኔው የተሰጠው ግን ኅዳር ላይ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ጤፉን ሲያጭድ የእሳቸው ማሳ አረም ለብሶ ቆሞ ነበር። ማንም ይቅርታ አልጠየቃቸውም።

ነሐሴ ሠላሳ የተባሉትን ሌሎች መዝገቦች ከወረቀቱ ጋር እናመሳክር ብዬ ስለምን አቶ ደምሴ «የሚጮህ ሲመጣ እናርማለን» አሉኝ። በራሴ ጊዜ የወረቀት ሰነዶቹ ያሉባቸውን ካርቶኖች አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመርኩ። ግማሽ ሳልደርስ ውሌ አለቀ፤ አላደሱልኝም።

ዛሬም ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል። ማሽን የነገሩትን ነው የሚያውቀው። ለማሽኑ አንድ ወር ከመጨመር ይልቅ ከሰው ዕድሜ ላይ ቀን መቁረጥ የቀለለን እኛ ነን፤ አንዲት ሴት አባቷን የቀበረችበትን ቀን በአፏ እየነገረችን ወደ ስክሪን ዞረን ያየነው እኛ ነን። ባልደረስኩባቸው ካርቶኖች ውስጥ ስንት ሰው ሳይሞት እንደሞተ ተጽፎ እንደቀረ አላውቅም። ከልጆቻቸው ብዙዎቹ ሞጣ ድረስ መጥተው የሚጮሁበት አቅም አልነበራቸውም።