ለታደሰ ወጥ የጨመርኩት ጨው

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳን አልተናገርኩም። ስንት ጊዜ ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም ዘርዝሬ ይቺን ብቻ ዘልያታለሁ። እናንተ አታውቁኝም። የደፈርኩትም ለዚያ ይሆናል።

ከባለቤቴ ተደብቄ ወጡ ውስጥ ጨው እጨምርበት ነበር።

ታደሰ ደም ግፊት አለብህ ሲባል ያልጠበቅኩትን ሰው ሆነ። ሃያ ዓመት ያጨሰውን ሲጋራ ተወ። ከቂርቆስ ካዛንቺስ፣ ቢሮው ድረስ፣ ታክሲ ትቶ በእግሩ መሄድ ጀመረ። ጮማ ሲቀርብለት በእጁ መለስ ያደርገዋል። ከእኔ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ጨው እንድተውለት። እኔም በርበሬውንም ሽሮውንም ያለ ጨው አስፈጭቼ ጥቂት ወራት በደንብ ይዤለት ነበር።

የቂርቆስ ንግስ ዕለት ዘመድ ቤታችን ተሰበሰበ። ታላቅ እህቱ እትዬ በላይነሽ አንዴ ጎረስ አደረጉና እጃቸውን ሰበሰቡ። «ምነው ልጄ፣ ያ ሁሉ ሙያሽ የት ገባ?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ደግሞ ለሰርግ ወጥ ሥሪልን ተብዬ የምለመን ሴት ነኝ። ፊቴ ጋለ። የሰው ጤና የሚያስረሳ እፍረት ነበር? አልነበረም።

በማግስቱ አንድ ቁንጥር ጨመርኩ። ታደሰ ጣቱን እየላሰ በላና ጨው አድርጌበት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነጭ ሽንኩርቱን አብዝቼው ነው አልኩት። አመነኝ። አምኖ ዝም ቢል ደግ ነበር፤ ያለ ጨው እንዲህ የምታጣፍጥ ሴት የለችም እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ። ሴቶቹ ሊማሩ መጡ፤ እኔም ሳላፍር ስለ ኮሰረትና ስለ ነጭ ሽንኩርት አስተማርኳቸው። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልመለስ? ቁንጥሯም እያደር ወደ ድሮው ልክ መጣች።

ግፊቱ አልወርድ አለ። መድኃኒት ተጨመረለት፤ አሁንም እምቢ አለ። አንድ ቀን ወደ ሐኪም ቤት አብሬው ሄድኩ። ወጣቷ ሐኪም መለኪያውን ከክንዱ ላይ እየፈታች፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ጨው ይበላሉ አይደል?» አለችው። እሱ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«እሷን ጠይቂያት።»

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ?

«ቤት እንኳን አይበላም። ውጭ የሚበላውን እንጃ።»

ታደሰ እኮ ምሳውን እኔ ቋጥሬለት የሚሄድ ሰው ነው። ውጭ ምንም አይቀምስም። አየኝ፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ የሐኪሟን ቁጣ ሰማ። ነቅቶብኝ ይሆን? እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ በእግሩ መሄዱን ተወ። ይህ ሁሉ ልፋት ጠብ ካላለልኝ ምን አደከመኝ አለ። ሲጋራውንም መልሶ ያዘ። ሳይከርም ቢሮው ደረጃ ላይ ወደቀ፤ ልቡ ነው አሉን። ጨዉ ብቻውን ገደለው አልልም፣ አላውቅማ። በራሱ ተስፋ እንዲቆርጥ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ።

ለቅሶው ላይ እትዬ በላይነሽ ደረታቸውን እየመቱ፣ ወንድሜ መች ራሱን ይጠብቅ ነበር እያሉ አለቀሱ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲያይ፣ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ባሌን አስከሬኑ ሳይወጣ ሁለተኛ ከዳሁት።

እትዬ በላይነሽ አሁንም እሑድ እሑድ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ልጆቻቸውን ሲመክሩ፣ እንደ አጎታችሁ አትሁኑ፣ ሐኪም ያላችሁን አድርጉ ይሏቸዋል። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ያልኩበት ስንት እሑድ አለፈ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር የሚለኝ ሰው ሞቷል። ይህን ብቻ እወቁልኝ፦ ታደሰ ሐኪም ያዘዘውን ሁሉ አድርጎ ነበር።