በረዶው መንገድ የዘጋ ዕለት

ትልቋ ልጄ ጥላን ልትሄድ በቆረጠችበት ቀን ጭሮ ላይ በረዶ ጣለ። ጎረቤቱ ሁሉ ጫቴ ተመታ፣ ቆርቆሮዬ ተበሳ ብሎ ሲጮህ እኔ በመስኮት እያየሁ «ጣለው! አሁንም ጨምርበት!» እል ነበር። ክፉ ሴት ነኝ ብዬ አላስብም። የዚያን ቀን ግን የማንም ጫት አላሳዘነኝም። ደላላው ከሰዓት በኋላ መኪና ይዤ እመጣለሁ ብሎ ነበር፣ በረዶው የጀመረው ደግሞ ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

የምትሄደው ሳዑዲ ነው። እንዴት እንደሚኬድ እዚህ አገር የማያውቅ የለም። በሚኤሶ በኩል ወደ በረሃው ይወረዳል፣ ከዚያ ባሕር፣ ከባሕሩ ማዶ የመን። ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቃ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣለች። አትሂጂ ብዬ ስለምናት «እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ልሁን እማ? አንቺን ልሁን?» አለችኝ። እኔ የመሥሪያ ቤት ጽዳት ነኝ። አባቷ ባጃጅ ይነዳል። አንድ ቀን ጮኸባት፣ አንድ ቀን ለመናት፣ ከዚያ ዝም አለ። የእሱ ዝምታ ከጩኸቱ የባሰ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

በረዶው ሲብስ እሱም የባጃጁ ሸራ ተቀድዶ፣ እስከ አጥንቱ በስብሶ ገባ። ወደ ሚኤሶ በሚያስወርደው መንገድ ጭቃና ድንጋይ ተንዶ መኪና እንደማያልፍ ነገረን። ልጄ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ደላላው መንገዱ ሲከፈት እደውላለሁ ብሏታል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ባትሪው እንዳያልቅባት ፈርታ ስልኩን እንኳ አትነካካውም። ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጣ ዓይን ዓይኑን ታያለች።

አባቷ ባጃጁን በላስቲክ ለመሸፈን እርዱኝ ሲል እሷ ወጣች። ያን ጊዜ ነው ያደረግኩት። ስልኩን አጠፋሁና በማሽላው ጆንያ ውስጥ እስከ ክንዴ አስገብቼ ቀበርኩት። አስቤበት አልነበረም፣ ካሰብኩም ያሰብኩት ይህን ነው፦ ደላላ ሰው አይለምንም፣ ደውሎ ካላነሳች በእሷ ቦታ ሌላ ይጭናል፣ መኪናው አንዴ ካለፈ ልጄ ትቀራለች። ዛሬ ከቀረች ነገ አሳምናታለሁ አልኩ።

ተመልሳ ስልኩን ስታጣ ቤቱን ገለባበጠችው። እኔም አብሬ ፈለግሁ። ፍራሽ አነሳሁ፣ አልጋ ሥር በጉልበቴ ገባሁ፣ ልብስ አራገፍኩ። በአባቷ ስልክ ብትደውል ዝግ ነው፣ የደላላውም ቁጥር ያለው እዚያው ውስጥ ነው። «እማ፣ አላየሽውም? ማይልኝ እስኪ» አለችኝ፣ ዓይኔን እያየች።

«በእመቤቴ፣ አላየሁም» አልኳት። ስሟን ጠርቼ በሐሰት የማልኩት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ታናሿ ልጄ ያኔ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሷ ከሁላችን ተለይታ በደስታ ሰክራለች። «ጨቢ! ጨቢ!» እያለች፣ በጎረቤቶቻችን ኦሮምኛ በረዶውን እየጠራች፣ ደጅ ወጥታ በሳህን ዝቃ ገባች። ስኳር ነሰነሰችበትና በማንኪያ ታድለን ጀመር። ጥርስ ያደነዝዛል። ቀጥላ በቴሌቪዥን እንዳየችው የበረዶ ሰው ካልሠራሁ አለች። የእኛ በረዶ ግን ሽንብራ ሽንብራ የሚያህል ነው፣ ጠጠር እንጂ ሊጥ አይደለም፣ አይያያዝም። ትሠራዋለች፣ ይፈርሳል። ትሠራዋለች፣ ይፈርሳል። በመጨረሻ አባቷ ብርጭቆ ውስጥ ጠቅጥቆ ገለበጠላትና አንድ ጭንቅላት የሌለው አጭር ሰውዬ ወጣ። «ይሄማ አለቃሽን ይመስላል» አለኝ። ትልቋ ሳታስበው ሳቀች።

ያቺን ሳቅ ስሰማ ልቤ ደፈረ። ተነሥቼ የእንቁላል ካርቶን አወጣሁና ቦሎቄ ቆጥሬ ገበጣ ይሁንልን አልኩ። በወጉ ገበጣ እንጨት ላይ ነው፣ ለእኛ ግን የእንቁላሉ ጉድጓድ ይበቃል። እንድትጫወት ለመንኳት። እጇ ስልክ መፈለጉን እንዲተው ፈልጌ ነው። እያኮረፈች ጀመረች፣ ከዚያ እኔ በማታለል አንድ ቦሎቄ ስደብቅ ያዘችኝና «ሌባ!» ብላ እጄን መታችኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ፊቴ ግን ጋለብኝ። ቀጥሎ አባትና ልጅ በለስላሳ ቆርኪ ዳማ ገጠሙ። እሱ ሲሸነፍ መብራት የለም፣ አላየሁም ይላል፣ እሷ ትሟገተዋለች። ከወራት በኋላ እነዚህ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው። በዚያች ሰዓት ብትጠይቁኝ አሸንፌያለሁ እላችሁ ነበር።

ሲመሻሽ ታናሿ እንቆቅልሽ አመጣች። ተራው የእሷ ሲሆን «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» አለች። መልሱ ጤዛ ነው። ያስተማረቻት ራሷ ታላቋ ናት። ግን ትንሽ አሰብ ያደረገች መስላ «አላውቅም» አለች። መልስ ያጣ ሰው አገር ይሰጣል፣ ጠያቂው ካልወደደው ሌላ ይጨመራል።

«እሺ፣ አሰቦትን ሰጠሁሽ።»

«አልፈልግም! ገዳም ገብቼ ልመንኩስ?»

«ሚኤሶን።»

«አቧራ ነው። እምቢ!»

«እንግዲያው ጭሮን ውሰጂ። ገበያውንም፣ ባጃጁንም፣ ይህን ቤትም፣ እማዬንና አባዬንም። ለእኔ ምንም አታስቀሪልኝ።»

ታናሿ እጇን አጨበጨበች። ጭሮ ገብታ ምን እንደበላችና ምን እንደለበሰች እየዘረዘረች እህቷን ስታበሽቅ ትልቋ ፀጉሯን ትዳብሳት ነበር። አባታቸው ወደ እኔ አየ። እኔ ወጡን ላማስል ብዬ ተነሣሁ። ወጥ ግን አልተጣደም ነበር።

በማግስቱ ሥራ ገብቼ ለምሳ ስመለስ እቤት ታናሿ ብቻ ነበረች። «ሚኤሶ ሄዳለች፣ ደላላውን ልፈልገው ብላ» አለችኝ። መንገዱ ጠዋት በማለዳ ተከፍቷል። ባለቤቴ ደውዬ ስነግረው ባጃጁን ትቶ በሚኒባስ ተከተላት። ማታ ብቻውን ተመለሰ። ሚኤሶ መናኸሪያው ጋ ሻይ የምትሸጥ ሴት ሁሉን ነገረችው፦ «ልጅዎ ስትደርስ መኪናው ሄዷል። አለቀሰች። ስልክ እንኳ የላትም። ከዚያ በእግር ከሚሄዱት ጋር ሄደች። አትሂጂ ብያታለሁ፣ ወላሂ ብያታለሁ።»

በእግር ከሚሄዱት ጋር። ባለቤቴ ይህን ሲነግረኝ ጫማውን እያወለቀ ነበር፣ አንዱን አውልቆ ሌላውን ረሳው።

ሲተኙ ስልኩን ከማሽላው ውስጥ አወጣሁና ከፈትኩት። ስልኩ ጠፍቶ ሳለ ደላላው ደጋግሞ መደወሉን ቴሌ በመልእክት አሳወቀኝ። እሱ ራሱም መልእክት ልኳል፦ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አስፋልቱ ዳር ጠብቂን ይላል። መኪናውም መልካም ነገር አልነበረም፣ አውቃለሁ፣ ስረግመው ኖሬያለሁ። በዚያ መኪና የሄዱት የሰፈራችን ሁለት ሴቶች ግን ኋላ ደርሰዋል። ለእናቶቻቸው ደውለዋል። አንደኛዋ እናት የልጇን ድምፅ ልታሰማኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጋልኛለች፣ የሌላ ሰው ልጅ ድምፅ እንደ ሚስማር ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

የእኔዋ አልደወለችም። በምን ትደውላለች? ቁጥራችንን በቃሏ አትይዝም። ስልኳ ውስጥ «እማዬ» እና «አባዬ» ተብለን ነው ያለነው፣ የጓደኞቿም እዚያው ነው። ብትደርስ እንኳ፣ የሰው ስልክ ለምና ብታገኝ እንኳ፣ የምትደውልበት ቁጥር የላትም። ሞታ ይሁን በሕይወት ኖራ ዝም ያለችው መለየት የምችልበትን መንገድ በገዛ እጄ ዘግቻለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉኝ ነበር፣ ቢያውቁ። አያውቁም። ለባለቤቴም አልነገርኩትም። ስልኩ ባጃጁን ሲሸፍኑ ደጅ ወድቆ ጎርፍ ወስዶት ይሆናል ብሎ ያምናል፣ እኔም ይሆናል ብዬዋለሁ። ደብረ አሰቦት ለንስሐ ልሂድ እያልኩ ሁለት ጊዜ ነጠላዬን ለብሼ ወጥቼ ከመናኸሪያው ተመልሻለሁ። ለቄሱ ከነገርኩ ለባልሽም ንገሪው ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

ክረምቱ አለፈ፣ መስከረም ጠባ። አንድ እሑድ ራት ስንበላ ታናሿ እጇን ከመሶቡ ላይ ሰብስባ ጠየቀችኝ።

«እማ፣ እህቴ ለምን አንድ ቀን እንኳ አትደውልም? ጠልታን ነው?»

ባለቤቴ ጉርሻውን አፉ ሳያደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ የሚወጣውንም ሁለቱም ጠበቁ።

«አዎ፣ ተቀይማናለች» አልኩ።

ልጅቷ እንጀራዋን ቆረሰች። ከዚያ «እንግዲያው እኔም ጠልቻታለሁ» አለች።

አላረምኳትም።