የጎልፍ ሜዳው ግብዣ

እስራኤል ውስጥ ከውትድርና እንደወጣሁ ሁለት ዓመት ያህል በጎልፍ መለማመጃ ሜዳ ሠራሁ። ከታልፒዮት ሰፈር ጋራዦች አለፍ ብሎ፣ ዙሪያውን በረጅም መረብ የታጠረ ትንሽ ሜዳ ነበር፤ ኋላ ሕንፃ ሠሩበት። የእኔ ሥራ ኳስ በቅርጫት ሞልቶ መስጠትና የተበተነውን መልሶ መልቀም ነበር።

የሜዳው ባለቤት ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ቀጭን፣ የማይቆጣ ሰው ነው። ሐሳቡ ሁሉ አዲስ ተጫዋች ከየት ይምጣ ነበር። የሚመጡት እነዚያው ስምንት ዘጠኝ ጡረተኞች ናቸው፤ አንዱ ጉንፋን ሲይዘው ሜዳው ጭር ይላል። አንድ ቀን "እናንተ ሰፈር ሰው ሞልቶ የለ? ለምን አንጠራቸውም?" አለኝ። በዕብራይስጥ ወረቀት አሳተመና እኔው በሰፈራችን በቃታሞኒም ሕንፃዎች የፖስታ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ዓርብ ጠዋት፣ ኳሱም ዱላውም በነጻ፣ ሁሉም ይምጣ ይላል።

እኔ ግን የምፈልገው አንድ ሰው ነበር፤ አባቴን። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲሸከሙ ኖረው ጉልበታቸውን ታመው ከሥራ ከወጡ ወዲህ ቤት ውለው ቤት ያድራሉ። ሐኪሙ "ካልተንቀሳቀሱ ጭራሽ ይተሳሰራሉ" ብሏቸዋል። እኛ አይሁድ ብንሆንም፣ በወር አንዴ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ሄደው፣ በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግቢ የሚኖሩትን አንዲት የአገራቸውን መነኩሲት ይጠይቃሉ። ከዚያ ውጭ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ማየት ነው። ዓይኔ እያየ እንዳይደርቁብኝ ፈራሁ።

ዓርብ ጠዋት ከሰፈራችን አሥራ ምናምን የኢትዮጵያ ሰው መጣ። አባቴም ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ባለቤቱ እየዞረ ለእያንዳንዱ ዱላ ዘረጋ።

"ትሞክራለህ?"

"አይ፣ ይቅርብኝ።"

"በሴደር" ይልና፣ እሺ ማለቱ ነው፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሁሉም ይቅርብኝ አሉ። ሻይ ሲቀርብላቸው "ጠጥተናል" አሉ። እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ጥቂት ቆሙና መርቀው ሄዱ።

"ሰዎችሽ ጎልፍ አይወዱም መሰለኝ" አለኝ ባለቤቱ፣ ያለ ክፋት። እኔም አመንኩት። ከኢትዮጵያ በአራት ዓመቴ የመጣሁ ነኝና ብዙ ነገር አላውቅም።

አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ ይባስ ብለው ከበረንዳው አልነሣ አሉ። በዚያ ወር መነኩሲቷንም ሊጠይቁ አልወጡም፤ በስልክ ብቻ አነጋገሯቸው። ሁልጊዜ የሚወስዱላቸውን ሽምብራ ይዤ የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ገና ከመቀመጤ፣ መነኩሲቷ፦

"ያ አባትሽ ዱላውን መያዝ አምሮት ሳይዝ ተመለሰ አሉ?"

"አይ እማሆይ፣ ተጠይቀው ነበርኮ። እምቢ አሉ።"

"ስንት ጊዜ ተጠየቀ?"

"አንዴ።"

እማሆይ ሳቁ። "አንዴማ መጠየቅ ሆነና! እንኳን ዱላ፣ የሚጠጣ ውኃስ ቢሆን ባንዴ ይቀበሏል? አባትሽ እኮ አገር ቤት ለገና፣ በዓሉ የናንተ ባይሆንም፣ ከኛ ልጆች ጋር ሜዳ ይወርድ ነበር። ሩሯን፣ የእንጨት ኳሷን፣ አንዴ ከመታት የሚመልሳት የለም። የጭቃ ሹሙን እግር መትቶ እንኳ ማንም አልተናገረው፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።"

ደሜ ፈላ። በአውቶቡስ በቀጥታ ሜዳው ሄጄ ባለቤቱ ላይ ጮህኩበት። "እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም! ስግብግብ እንዳይባል ነው ሰው እምቢ የሚለው። ሁለተኛውም እንደዚያው ነው። በሦስተኛው ነው የሚቀበሉት!"

እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ "አንቺስ አባትሽን ስንት ጊዜ ጠየቅሽው?" አለኝ።

ያን ዓርብ ከቅርጫቶቹ ጀርባ ሆኜ "አባባ፣ አይሞክሩም?" ብያቸው ነበር። "አይ ልጄ፣ እናንተ ተጫወቱ" አሉኝ። "በሴደር" ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ለገዛ አባቴ እንዲህ ባዳ መሆኔን ሳስበው አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

በሚቀጥለው ዓርብ ጠዋት በረንዳው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ሜዳው እንሂድ።"

"አይ ልጄ፣ ይቅርብኝ።"

ሥራ እየረፈደብኝ ነበር። "ባለቤቱ ራሱ ይምጡልኝ ብሏል" አልኩ።

"እኔ ሽማግሌው ምን ልረባ? ሰው ላስቸግር?"

"ያለ እርስዎ አልሄድም።"

"እንግዲህ ካልሽ ምን ይደረጋል" ብለው ተነሡ። ያኔ እግራቸውን አየሁ። ጫማቸው ተወልውሎ፣ ታስሮ ነበር። ከመቼ ጀምሮ አስረውት እንደተቀመጡ አልጠየቅኳቸውም።

ባለቤቱ ዱላውን ሦስት ጊዜ ዘረጋላቸው። እየቆጠረ እንደሆነ ከከንፈሩ ያስታውቅበት ነበር። አባቴ ተቀበሉት፣ ጎንበስ ብለው መቱ፤ ኳሱ ሄዶ ከመረቡ ጋር ተላተመ። እሳቸውም ዱላቸውን ይዘው እየጮሁ ተከትለውት ሮጡ! ለካ በገና መትቶ የሚቆም የለም። ጡረተኞቹ ደንግጠው መምታታቸውን አቆሙ፤ ባለቤቱ ደርሶ በኮታቸው ጫፍ ይዞ መለሳቸው። ጉልበቴን አመመኝ የሚሉት ሰው ናቸው እንግዲህ።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ የማይመጡበት ቀን አልነበረም። በአጥሩ የሚያልፈውን ሁሉ ሦስት ሦስት ጊዜ ይጋብዛሉ፤ "አልፈልግም" ሲል እውነቱን የነበረውን እስራኤላዊ ሳይቀር። አንዳንዱ ለመገላገል ብሎ ይገባና ሲመታ ያረፍዳል። በሁለት ወር ውስጥ ቅርጫት ያንሰን ጀመር።

በዚያ በመጀመሪያው ቀን ግን፣ ሮጠው ከተመለሱ በኋላ፣ እያለከለኩ ወደኔ ዞረው ዱላውን ዘረጉልኝ። "አንቺስ?"

"ሥራ ላይ ነኝ አባባ።" ሁለት ዓመት ኳስ ስለቅም ዱላውን ይዤ አላውቅም። ያዢ ያለኝም የለም።

"ያዢ እንጂ።"

"አይ፣ ይቅርብኝ" አልኩ፤ አልኩና፣ ሦስተኛውን እስኪጠይቁኝ ቆሜ ጠበቅኩ።